የእቴቴ ግትርነት

ባለፈው ሳምንት የቂርያት ጋት ከተማ አዲሱ ሰፈር በሆነው በካርሜ ጋት ባለው ሕንፃችን የፖስታ ሣጥን ውስጥ አንድ በራሪ ወረቀት አገኘሁ። ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ላዩ ላይ አንዲት ፈገግታዋ የማይጠፋ እናት ሁለት ንጹሕ ልጆች አቅፋ ተነሥታበታለች። በዕብራይስጥ፣ በሩስኛና በአማርኛ የጀግና ነዋሪዎች መመሪያ ይላል። ሳይረን ሲጮህ ተረጋጉ፣ ውሃ ያዙ፣ ለልጆች መጫወቻ አትርሱ፣ ጎረቤቶቻችሁን አስቡ። አሳንሰሩ ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ጎረቤት ማሰብ ከሆነ እኔ አስተማሪ አያሻኝም፤ አንዳንዶቹን ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ አስቤ አልጠገብኳቸውም።

ልጅ እያለሁ መመሪያ የሚያድለን አልነበረም። ቢያድሉንም ከቤታችን አጣርቶ የሚያነበው እኔ ብቻ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። የምንኖረው በአሮጌው ሰፈር፣ ቀለሙ በተላላጠ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ እናቴ፣ እኔ፣ ሁለት ታናናሽ ወንድሞቼና እቴቴ የምንላቸው አያቴ። አባቴም ነበረ፤ ግን በኢንዱስትሪ ቀጠናው ፋብሪካ በፈረቃ ስለሚሠራ ያን ክረምት ያየነው ወይ ሲወጣ ወይ ሲተኛ ነው።

የእኔ ዘመን የቂርያት ጋት ልጆች ያን ክረምት አትረሱትም። ከድንበር አጥሩ ማዶ የሚተኮሰው ሮኬት እስከ እኛ ድረስ መድረስ ጀመረና ትምህርት ቤት ተዘጋ። እኛም ተደሰትን፤ ልጅ እንዲህ ነው፣ ሰማይ እየተቀደደ የቤት ሥራው መቅረቱን ያስባል። ከሳይረኑ በኋላ ያለን ጊዜ ደቂቃ አይሞላም። ጫማችን ክሩ ተፈትቶ በር ላይ ይጠብቀናል። እናቴ ገላችንን የምታጥበን በሩን ከፍታ፣ አንድ በአንድ፣ ሳሙናው ሳይለቀን ነበር። ሱፐር ውስጥ ወተትና ዳቦ ሲጠፋ ትልልቅ ሰዎች ለአንድ እርጎ ሲገፋፉ አይቻለሁ። ከሁሉ በላይ ግን የማልረሳው ሽታውን ነው። ሳይረን ሲጮህ ሁሉም ድስቱን እንደጣደ ይሮጣል፤ ስንመለስ ደረጃው ባረረ ሽሮ፣ ባረረ ሩዝ፣ ባረረ ጎመን ይታፈናል። እኛ ልጆች ከሽታው ብቻ የማን ራት እንደተቃጠለ እንገምት ነበር፤ የተሳሳተ ኩርኩም ይቀምሳል።

በቴሌቪዥን ከተሞቻችን በከበባ ላይ ናቸው ይባል ነበር። እቴቴ ይህን ስተረጉምላቸው ሳቁ። ከበባ ማለት ጨው ሲጠፋ ነው አሉ፤ ባቡር በሰዓቱ የሚገባበት ከበባ እሳቸው አይተው አያውቁም። ከአጥሩ ማዶ ጨውም መጠለያም የጠፋባቸው ልጆች እንዳሉ ያን ጊዜ የነገረን አልነበረም። ቢነግሩንም ጆሮ የምንሰጥ አይመስለኝም።

ሚክላት የምንለው መጠለያ ከብሎኩ ሥር የተቆፈረ፣ የብረት በር ያለው ሰፊ ክፍል ነው። ሻጋታና የአይጥ መርዝ ይሸታል። ቁልፉ ደግሞ የሚገኘው የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር በሆነ አንድ ጡረተኛ ኪስ ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ እኛ ልጆቹ ባለቁልፉ እንለው ነበር። በሕይወቴ ሹመት ይዞ ያየሁት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሹመኛ አይቻለሁ፣ አብዛኞቹ እሱን ይመስላሉ። መጠለያውን የግል መጋዘኑ አድርጎት ግማሹን በአሮጌ ሶፋ፣ በተረፈ የሴራሚክ ካርቶንና በተሰበረ ብስክሌት ሞልቶታል። ካልዘነበ ሁሉ ቤት፣ እንግዳ ካልመጣ ሁሉ ሴት ይባል የለ፤ ዘነበና የእኛ መጠለያ መጋዘን ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያው ቀን ሳይረን ሲጮህ ብሎኩ በሙሉ ደረጃው ሥር ተኮልኩሎ እሱ በፒጃማ ኪሱን ይዳብስ ነበር። ጊዜው እኩለ ቀን ነው። ፍንዳታው ከተሰማ በኋላ ቁልፉን አገኘና በሩን በክብር ከፍቶልን ምስጋና ጠበቀ። እቴቴ በአማርኛ አንድ ነገር አሉት፤ እሱ ምርቃት መስሎት አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ እኔም አልተረጎምኩለትም።

አሁን የዚያን ክረምት ዋና ነገር ልንገራችሁ፤ እሱም አክስቴ ይታይሽ ናት። ይታይሽ የእናቴ ታናሽ ናት። እቴቴ ሌሎች ልጆቻቸውን ይዘው ከአገር ቤት በሱዳን በኩል ሲወጡ እሷ ገና ሕፃንና በሽተኛ ስለነበረች መንገዱን አትችልም ተብሎ ለዘመድ አደራ ተሰጠች። የአንድ ዓመት ይሆናል የተባለው ከሃያ ዓመት በላይ ሆነ። ዘመዶቹ ክርስትና ተነሥተው ስለነበር እሷም አንገቷ ላይ ማተብ ታስሮላት አደገች። በመጨረሻ ወደ እኛ ስትመጣ ግን የአያቶቻችንን የኦሪት ሕግ ከሁላችንም በላይ የምታጠብቀው እሷ ሆነች። እኛ ግማሹን ረስተን ግማሹን አፍረንበት የተውነውን እሷ እየጠየቀች፣ እየለቀመች ትይዘው ነበር።

በእኛ ሕግ ሴት ስትወልድ ከቤት ተለይታ በአራስ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ለወንድ አርባ፣ ለሴት ሰማንያ ቀን። የጎጆው ዙሪያ በድንጋይ ይከበባል። ምግቧ ድንጋዩ አጠገብ ይቀመጥላታል እንጂ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጣትም፤ የነካት ሰው ታጥቦ እስኪመሽ ይለያል። ቂርያት ጋት ውስጥ ደግሞ ጎጆ የለም። አንዳንዶቹ ሴቶች ሕጉን ወደ በረንዳ አሳንሰውታል፣ ብዙዎቹ ትተውታል። ይታይሽ ሴት ልጅ ስትወልድ የእሷ ቤት በረንዳ ስለሌለው ወደ እኛ መጣችና በመስታወት በታጠረችው በረንዳችን ፍራሽ ተነጠፈላት። ሳህኗና ኩባያዋ ለብቻ ነው፤ ምግቧን ደፉ ላይ የማስቀምጥላት እኔ ነበርኩ። ሮኬቱ ሲጀምር ሠላሳ ቀኗ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እኛ ወደ ታች ስንሮጥ እሷ ሕፃኗን ይዛ በረንዳው ላይ ቀረች። ከቤታችን ሁሉ የከፋው ቦታ እሱ ነው፣ በሦስት ወገን መስታወት። እኛ ከታች ሆነን ፍንዳታ በሰማን ቁጥር እናቴ ፊቷን ትሸፍናለች። ሌላው ሰው ግን ወሬውን ያደምቃል። ከሁሉ የባሰችው ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ስንዱ ነበረች። በዕድሜ ታላቄ ናት፣ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ዛሬ ግን አንቱታውን አልሰጣትም። ስንዱ ራሷ የአራስ ጎጆን ደጅ ከረሳች ዘመናት አልፈዋል፣ ሰማንያውን ቀን ፀጉር ቤትና ሱፐር እየዞረች የጨረሰች ሴት ናት። ሆኖም መጠለያው ውስጥ በባለቁልፉ ሶፋ ላይ ተንደላቅቃ፣ ማተብ አስሮ ያደገ ሰው ሕግ ሲያጠብቅ ማየት ደስ ይላል ትል ነበር። ነገሩ ደግሞ ይታይሽ ጆሮ ደርሶ ነበር።

እናቴ አልቅሳ ለመነቻት። አባቴ ከእኛው የኦሪት ቄሶች ለአንዱ ስልክ ደወለ፤ ቄሱም ነፍስ ከሕግ ትቀድማለች፣ ዛሬውኑ ትውረድ አሉ። ይታይሽ ከመስታወቱ ወዲያ ሆና ሁሉንም ሰማች። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰች።

«ለእናንተ ትቀድማለች። እናንተ ሕጉን ብትተዉት ተቸግረው ነው ይባላል። እኔ ብተወው ግን ድሮስ መቼ ነበራት ይባላል።»

እቴቴ ነጠላቸውን ደረቡና እኔን ከረጢት ያዢ አሉኝ። ከብሎኩ ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያውን አልፎ ባለው ባዶ መሬት ላይ፣ ዝናብ ያጠባቸውን ድንጋዮች እየመረጡ በሱፐር ከረጢት አሸከሙኝ። ሳይረኑ ቢጮህ የምንሮጥበት ቦታ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ድንጋይ ሲመርጡ ገበያ የወጡ ይመስሉ ነበር፣ አንዱን አንሥተው አይተው ይጥላሉ፣ ሌላውን ይወስዳሉ። መጠለያው ውስጥ በጥግ በኩል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በግማሽ ክብ ደረደሯቸው። ከዚያ ሽቅብ ወጥተው በረንዳው ደፍ ላይ ቆሙና፣ ጎጆሽ ታች ተሠርቶልሻል፣ ከእንግዲህ የምትሞቺበት ምክንያት የለሽም አሏት። በሚቀጥለው ሳይረን ይታይሽ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ከልጅነቴ ደስ ከሚሉኝ ቀናት ናቸው፤ ይህን ስል ራሴንም ይገርመኛል። ድንጋዮቹ ከወዲህ እኛ ጠጠር እንጫወታለን፣ ከወዲያ ይታይሽ ሕፃኗን ጡት ታጠባለች። አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት የሩሲያ አሮጊት አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ ከሩቅ ብርድ ልብስ ወረወሩላት። ሕፃኗ ስታዛጋ ብሎኩ በሙሉ ያያታል። እቴቴ ከድንጋዩ ወዲህ ተቀምጠው ለልጃቸው የሚያወሩት ወሬ አያልቅም ነበር፤ ሃያ ዓመት ያላወሩትን የሚጨርሱ ይመስል።

ያን ያበላሸችው ካሜራ አስከትላ የመጣች ጋዜጠኛ ናት ብዬ ለብዙ ጊዜ ራሴን አታልዬ ነበር። ጋዜጠኛዋ የጥይት መከላከያ ሰደርያ ለብሳ፣ ከንፈሯን ተቀብታ መጣች። ከመጠለያው ሰው ሁሉ ዓይኗ ያረፈው ድንጋዮቹ ላይ ነው። ምንድን ናቸው ብላ እቴቴን ጠየቀች፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። እቴቴ ስለ ሕጉ፣ ስለ ጎጆው፣ ስለ እናቶቻቸው ረጋ ብለው አስረዱ። እኔ ዓይኗን እያየሁ የልጆች መጫወቻ ናቸው ትላለች ብዬ ተረጎምኩ። እቴቴ በትክክል ነገርሻት ወይ አሉኝ፣ አዎ አልኳቸው። ጋዜጠኛዋ ግን የዋዛ አልነበረችም፣ ከስንዱ ጠይቃ አገኘችው። ማታ በዜና ላይ የአክስቴ ፊት በአሳዛኝ ሙዚቃ ታጅቦ ወጣ፤ ከድንጋይ ኋላ የተቀመጠች ሴት፣ ሁለት ዓለም በአንድ መጠለያ ተባለ። ሁለት ዓለም ያለችው እሷ ናት፤ እኛ እስከዚያ ቀን አንድ ነበርን።

በማግስቱ ጠዋት ሞር የምትባል የክፍሌ ልጅ፣ አንደኛ ፎቅ የምትኖር፣ ደረጃው ላይ አገኘችኝና አክስትሽ ትናከሳለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አብረዋት የነበሩት ሁለት ልጆች ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ ዛሬም አስታውሰዋለሁ፤ ለመቅደም፣ ከእነሱ በላይ ጮክ ብዬ። ወዲያው ባለቁልፉ ወጣ። በዜና የታየው የእሱ መጠለያ መሆኑ አሳፍሮታል፤ በሶፋው ያላፈረ ሰው በድንጋይ አፈረ። ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎ አንቺ ብልህ ልጅ ነሽ፣ ያን ቆሻሻ አንቺ አውጪው አለኝና ቁልፉን እጄ ላይ አኖረው። ያ ቁልፍ በልጅ እጅ ገብቶ አያውቅም። ሞር እያየች ነበር። ወረድኩና ድንጋዮቹን በሁለት ከረጢት ሞልቼ ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ወሰድኳቸው፤ መጠለያውንም ጠረግሁ። በሥራዬ ኮራሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሕፃንነት ነው የምትሉኝ ካላችሁ፣ ተዉኝ፤ የማደርገውን አውቅ ነበር።

ሰዓት ሳይሞላ ሳይረኑ ጮኸ። እኛ ቀድመን ገባን፤ እናቴ ወንድሞቼን ይዛ፣ እቴቴ በበትራቸው፣ ስንዱ ሶፋዋ ላይ። ይታይሽ ሕፃኗን ታቅፋ የመጨረሻዋ ሆና በሩ ላይ ደረሰችና ቆመች። ጥጉ ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ማታ ዜናውን አይቷል፣ ሁሉም ያያታል። ስንዱ ግቢ እንጂ፣ ዛሬ ሕጉ ቀረ እንዴ አለች። ይታይሽ አንድ እግሯን ከደፉ ላይ መለሰችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እናቴ ግቢ እያለች ጮኸች። ባለቁልፉ የበሩን እጀታ ይዞ መዘጋት አለበት ይላል። እኔ ከበሩ ሁለት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ድንጋዩን እኔ ነኝ ያነሣሁት ማለት ይበቃ ነበር፤ ሕጉን ያፈረሰችው እሷ ሳትሆን እኔ መሆኔ ከታወቀ የሚነካት ምላስ አይኖርም ነበር። አፌን ዘጋሁ።

እቴቴ ተነሡ። በትራቸውን ተደግፈው በአጠገቤ ሲያልፉ ፊቴን አዩኝ። ወጡና ባለቁልፉን ዞረው ሳያዩ «ዝጋው» አሉት። የአማርኛው ትርጉም አልጠፋውም። ያ ሰው በሕይወቱ እንደዚያ ፈጥኖ የሠራው ነገር ያለ አይመስለኝም። በሩ ከመገጠሙ በፊት በቀረችው ክፍተት እቴቴ ልጃቸው አጠገብ ሲቀመጡ አየሁ፤ ሳይነኳት የቆዩትን ልጅ አንገቷን አቅፈው ጎተቷት፣ ሕፃኗ በመካከላቸው ሆነች። ከዚያ ብረቱ ተዘጋ።

ፍንዳታው የሩቅ አልነበረም። ወለሉ ከሥራችን ተነሥቶ ጣለን፣ መብራት ጠፋ፣ የጣሪያው ኖራ አፋችን ውስጥ ገባ። እናቴ ወደ በሩ ሄደች። ባለቁልፉ ሰው የሚወጣው አሥር ደቂቃ ቆይቶ ነው፣ ደንብ ነው አለና በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ። ሶፋና ብስክሌት ሲያስገባ ደንብ የማያውቅ ሰው ያን ጊዜ ደንብ አወቀ። እናቴ ደረቱን ትደበድበዋለች፣ ወንድሞቼ ያለቅሳሉ፣ እኔ ጥጉ ላይ፣ ድንጋዮቹ የነበሩበት ቦታ ተቀምጬ ሞተዋል፣ ገደልኳቸው እያልኩ ለራሴ እደግማለሁ። ያን አሥር ደቂቃ የሚያህል ጊዜ እስከ ዛሬ አልኖርኩም።

በሩ ሲከፈት ሦስቱም በሕይወት ነበሩ። ሮኬቱ የወደቀው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው፤ የደረጃው መስታወት በሙሉ ወርዶ እቴቴ ላይ አርፏል። ጎንበስ ብለው በይታይሽና በሕፃኗ ላይ እንደ ክዳን ተደፍተው ነበር። ነጠላቸው ደም ነው፤ ጀርባቸውና አንገታቸው ተቆራርጧል። የቀኝ ጆሯቸው ከዚያ ቀን ጀምሮ አልሰማም። ይታይሽ እጇ ተጫረ። ሕፃኗ ምንም አልነካትም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በማግስቱ ባለሥልጣን ሁሉ መጣ። የፕላስቲክ ኮፍያ አድርገው ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ፎቶ ተነሡ። ቤታችን ውስጥ ግን ፍርድ ቤት ተቀምጦ ነበር። እናቴ፣ ከሌላ ከተማ የመጡት አጎቶቼ፣ አባቴም ጭምር እቴቴ ላይ ወረዱባቸው። ድንጋይ ደርድረው ልጅቱን አጃጃሏት፣ የአገር ቤት ሕግ እዚህ ድረስ ተሸክመው ሁለት ነፍስ ሊያስበሉ ነበር ተባለ። ድንጋዮቹ የት ገቡ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። እናቴ ባለቁልፉ የጣላቸው መስሏታል። ባለቁልፉ ደግሞ ቁልፉን ለሕፃን መስጠቱ እንዳይወጣበት ዝም አለ። እኔና እሱ አንድ ምስጢር ተካፈልን፤ ከዚያ የከፋ ወዳጅ ኖሮኝ አያውቅም። እቴቴ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ሁሉንም አዳመጡና «አዎ፣ የኔው ግትርነት ነው» አሉ። እኔ እፎይ አልኩ። ከዚያ ከነፋሻቸው በረንዳው ላይ ገብተው የቀረውን አርባ ምናምን ቀን ከይታይሽ ጋር አብረው ተቀመጡ። ሕጉ እስኪመሽ ብቻ ይበቃቸው ነበር፤ እሳቸው ግን አልወጡም። ሁለት ሳህን ደፉ ላይ አስቀምጥ ነበር።

የእቴቴ ግትርነት የቤተሰባችን ጨዋታ ሆነ። በሠርግ ላይ ይነገራል፣ በበዓል ይነገራል። እኔማ ከሁሉ የበለጥኩ ተራኪ ሆንኩ። በሠራዊት ሳለሁ ለድንኳን ጓደኞቼ ነግሬዋለሁ፤ በምሠራበት ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ ምሳ ሰዓት ላይ ነግሬዋለሁ። የሮኬት ዝናብ ውስጥ ድንጋይ የምትለቅም አሮጊት፣ ዝጋው ብላ ደረጃ ላይ የምትቀመጥ አሮጊት። ሰው እንባው እስኪመጣ ይስቃል። እቴቴ በሕይወት ሳሉም ነግሬዋለሁ፣ በሚሰማው ጆሯቸው በኩል ተቀምጬ። እሳቸውም አብረው ፈገግ ይሉ ነበር። ስንዱን፣ ባለቁልፉን፣ ጋዜጠኛዋን እየናቅሁ የኖርኩት እኔ፣ ከሁሉም በላይ ያቀለልኩት ማንን እንደነበር አላወቅሁም።

ዛሬ ካርሜ ጋት እያንዳንዱ ቤት የራሱ መጠለያ ክፍል አለው፤ ማማድ እንለዋለን። ቁልፍ የሚለመን ሰው የለም፣ የሚያር ድስት የሚሸተን ጎረቤትም የለም። ሳይረን ሲጮህ ሁሉም በየራሱ ብረት በር ይዘጋል፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ከግድግዳው ማዶ የሚኖሩትን ሰዎች ፊት ያየሁት አሳንሰር ውስጥ ነው። በዚህ በመጨረሻው ጦርነት አንድ ቅዳሜ ይታይሽ እኛ ቤት ነበረች። እንግዶች ምሳ በልተው፣ እኔም እንደ ልማዴ የእቴቴን ግትርነት ተርኬላቸው፣ ስቀው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ሳይረኑ ጮኸ። ማማዱ ውስጥ እሷ፣ እኔና የተኛው ልጄ ብቻ ነበርን። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ ይታይሽ ከእንግዲህ ያን ወሬ አታውሪ አለችኝ። ምነው ስላት ነገረችኝ።

«ድንጋዩን ያነሣሽው አንቺ ነሽ። ጠዋት ከረጢቱን ወደ ቆሻሻው ስትጎትቺ እቴቴ በመስኮት አይተውሻል። ሌላ ሊለቅሙ ነጠላቸውን ሲደርቡ ነው ሳይረኑ የቀደማቸው። እኔም ያን ቀን ለኔ ብለው የወጡ መስሎኝ ነበር፤ ድሮ ጥለውኝ ስለሄዱ ሊክሱኝ። በረንዳው ላይ ሆነን ስጠይቃቸው አይደለም አሉኝ። ‹አንቺ ብቻሽን ብትሞቺ ድንጋዩን ማን አነሣው ይባላል፣ ልጅቱ ትገኛለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትሸከመዋለች። እኔ አብሬሽ ከሞትኩ ግን የአሮጊት ግትርነት ይባልና ያልቃል› አሉኝ።»

እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አደራ ብለውኝ ነበር፤ ስትስቂባቸው መስማት ግን አልቻልኩም አለች። ልጄ እንቅልፍ ውስጥ ሆኖ ተገላበጠ። ስልካችን መውጣት ትችላላችሁ የሚል መልእክት ደወለ። ሁለታችንም ከተቀመጥንበት አልተነሣንም።

ባለፈው ወር የእቴቴ ተዝካር ነበር። በእናቴ ቤት ዘመድ ሁሉ ተሰበሰበ፤ የዚያን ክረምት ሕፃን፣ ዛሬ እኔን በቁመት የምትበልጠው፣ ውሃ ታድላለች። ስንዱም አርጅታ መጥታለች። እንደተለመደው አንዱ አጎቴ የድንጋዩን ወሬ ጀመረና ሰው መሳቅ ጀመረ። ተነሥቼ ቆምኩ። ድንጋዩን ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ እቴቴ የወጡት እኔን ሊሸፍኑ ነው አልኩ። ስንዱ እጇን አወናጨፈችና ተይ እባክሽ የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ አንቺ ምን ታውቂያለሽ፣ የእሳቸውን ግትርነት እኛ ነን የምናውቀው አለች። እናቴ ይህች ልጅ ስለምትወዳቸው ነው አለችና እንባዋን ጠረገች። አጎቴም ወሬውን ከቆመበት ቀጠለ። እቴቴ በደንብ አድርገው ነው የሸፈኑኝ፤ እኔው ራሴ ልገልጠው ብል እንኳ አልገለጥ አለኝ።